«ቆዩ፣ በጊዜው ይደርሳል»፦ የልጅን ዕድገት ለጊዜ ስለ መተው

ሁለት ዓመት ሞልቶት ትርጉም ያለው ቃል ያላወጣ፣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ያለ ድጋፍ ያልተራመደ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ሕፃን ያላቸው ወላጆች ስጋታቸውን ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ አንዳንድ ጊዜም ለጤና ባለሙያ ሲያዋዩ የሚያገኙት መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ቆዩ፣ በጊዜው ይደርሳል። መልሱ ብዙ መልክ አለው። ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው ይባላል፤ አባቱም እስከ ሦስት ዓመቱ አልተናገረም ተብሎ የዘር ምስክር ይቆጠራል፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው አባባል ይጠቀሳል፤ ይህ ሁሉ ካልበቃ ደግሞ እናቲቱ ጭንቀታም ናት ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። አመለካከቱ በከተማም በገጠርም፣ በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ የጸና በመሆኑ እንደ ኑሮ ጥበብ እንጂ እንደ አከራካሪ አቋም አይታይም። ሲመረመር ግን ትዕግሥት የሚመስል፣ ዋጋው በልጁ የሚከፈል ውሳኔ ሆኖ ይገኛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞች የተስፋፋው፣ ልጁን ማዕከል አስገብቶ ቀሪውን ለባለሙያ የመተው ልማድም የመጠበቅን አመለካከት የሚያርም ይምሰል እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ መሠረት ይጋራል፤ ሁለቱም የልጅ ዕድገት በቤቱ የዕለት ኑሮ ውስጥ የሚሠራ ሥራ መሆኑን አይቀበሉም።

የመጠበቅ ወገን ያለ ማስረጃ አይናገርም፤ ማስረጃውም በሚገባ ሊታይለት ይገባል። ልጆች አንድን ክህሎት የሚያገኙበት ዕድሜ በሰፊው ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ያለ ድጋፍ መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ይገኛል፤ 4.3 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት እንዲያውም በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ወደ መቆምና መራመድ አልፈዋል። ስለዚህ በ10 ወሩ የሚሄደውን የጎረቤት ልጅ አይቶ በ14 ወሩ ያልሄደውን የራስን ልጅ በሽተኛ ማድረግ ስሕተት ነው፤ አያቶች በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ይኸው ጥናት ልዩነቱ ወሰን እንዳለውም ይናገራል። 17.6 ወር የተባለው ከመቶ ጤናማ ሕፃናት ዘጠና ዘጠኙ መራመድ የጀመሩበት ዕድሜ በመሆኑ፣ በሃያ ወሩ የማይራመድ ልጅ «ልጅ ከልጅ ይለያያል» በሚለው አጠቃላይ እውነት ሊሸፈን አይችልም። የመጠበቅ ክርክር የልዩነቱን ስፋት ሁልጊዜ ይጠቅሳል፤ ዳርቻው የት እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ዳርቻውን ያለፈ ልጅ ዕድገታዊ መዘግየት አለበት ይባላል፤ ይኸውም በእንቅስቃሴ፣ በንግግርና በመግባባት፣ በማሰብ ወይም ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በጉልህ ወደ ኋላ መቅረት ማለት ነው። ስያሜው የምርመራ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ከበስተጀርባው የመስማት ችግር ሊኖር ይችላል፤ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴንና የሰውነት አቋምን የሚያውክ ሴሬብራል ፓልሲ የተባለ ሁኔታ ሊኖር ይችላል፤ ኦቲዝም፣ የምግብ እጥረት ወይም ከሰው ጋር የመጫወት ዕድል ማጣት ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎም ምንም ላይኖር ይችላል። «ይደርሳል» የሚለው ሰው እነዚህን ሁሉ ሳይለይ ለሁሉም አንድ መልስ ይሰጣል።

የአመለካከቱ ጠንካራ ምሽግ የንግግር መዘግየት ነው። በሁለት ዓመታቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ካላቸው፣ ሌላ ችግር ከማይታይባቸው ልጆች መካከል ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ከእኩዮቻቸው ጋር መስተካከላቸው በተደጋጋሚ ጥናት የታወቀ ነው። ሴቶች ልጆች በአማካይ ከወንዶች ቀድመው መናገራቸውም እውነት ነው። ይሁንና በፆታ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ የዓመት መዘግየትን በወንድነት ማስረዳት የሁለት ብር ልዩነትን ጠቅሶ የመቶ ብር ጉድለትን እንደማወራረድ ነው። ከዚህም በላይ የሚበልጠው ጥያቄ የትኛው ልጅ እንደሚስተካከልና የትኛው እንደማይስተካከል አስቀድሞ የሚለየው ምንድን ነው የሚለው ነው። ባለሙያ የሚመለከተው የቃላቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ልጁ የሚነገረውን ይረዳ እንደሆነ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁም እንደሆነ፣ ያስገረመውን ነገር ሌላው ሰው እንዲያይለት ወደዚያ እያመለከተ ፊቱን ይመለከት እንደሆነ፣ ስሙ ሲጠራ ይዞር እንደሆነ ነው። ቃል ባያወጣም የሚጠቁም፣ የሚረዳና የሚያስመስል ልጅ አንድ ነገር ነው፤ የማይጠቁም፣ የማይረዳና ቀድሞ የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «አባቱም እንዲሁ ነበር» ማለት መመርመርን አስቀርቶ መልስ መስጠት ነው።

የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋም እኩል አይደለም። በራሱ ጊዜ ሊናገር የነበረን ልጅ ማስመርመር የሚያስከትለው ኪሳራ አንድ ቀጠሮ፣ የትራንስፖርት ወጪና ጥቂት ጭንቀት ነው፤ ወላጆቹ ከልጃቸው ጋር አብዝተው እንዲጫወቱ ቢመከሩም የሚጎዳ ነገር የለበትም። የማይሰማን ልጅ መጠበቅ ግን ቋንቋ ያልገባበት ሕፃንነት ማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት መስማት መመሪያ ምርመራው በመጀመሪያው ወር፣ ማረጋገጫው እስከ ሦስተኛው ወር፣ ድጋፉ ደግሞ እስከ ስድስተኛው ወር እንዲጀመር የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክሪስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቿ በኮሎራዶ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት የመስማት ችግራቸው ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት የታወቀላቸው ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው በቋንቋ በእጅጉ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በኢትዮጵያ የተወለደን ሕፃን ሁሉ መስማት መመርመር የተለመደ አገልግሎት ባልሆነበት ሁኔታ ብቸኛው መርማሪ ቤተሰቡ ነው። በር ሲዘጋ የማይደነግጥ ሕፃን ያላትን እናት «ቆዪ» ማለት፣ ያንን ብቸኛ መርማሪ ከሥራው ማባረር ነው።

የመጠበቂያው ጊዜ ባዶ ሆኖ እንደማያልፍም መዘንጋት የለበትም። ልጁ ይደርሳል ተብሎ ከባለሙያ ሲርቅ በሌሎች እጅ ይወድቃል፤ እንጥል ይቆረጣል፣ ከምላሱ ሥር ያለው ጅማት ይበጠሳል፣ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ በድድ ውስጥ ተፈልቅቆ ይወጣል። የምላስ ጅማት ማጠር አንዳንድ ሕፃናትን ጡት በመጥባት ሊያስቸግር ይችላል እንጂ ልጅ ቋንቋ እንዳይረዳና ቃል እንዳያወጣ አያደርግም፤ እነዚህ ቆረጣዎች ግን ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላሉ። ስለ ጠበል የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ቤተሰብ በእምነቱ ልጁን ጠበል ቢያስጠምቅና ጸሎት ቢያስደርግ ከሕክምና ጋር የሚያጋጨው ምንም ምክንያት የለም፤ የሚጋጨው አንዱ ለሌላው ምትክ ሲደረግና ሱባዔው ሳያልቅ ሐኪም ቤት አይኬድም ሲባል ነው።

ጊዜ በልጅ አካል ላይ ምን እንደሚሠራ በዓይን ለማየት ለሚፈልግ ቆልማማ እግር ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ ወይም ሁለቱም መዳፈ እግሮች ወደ ውስጥ ተጣምመው የሚወለዱበት ይህ ሁኔታ ከሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። ስፔን ተወልዶ በአሜሪካ አዮዋ ሲሠራ የኖረው ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ያዳበረው ሕክምና ከባድ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ እግሩ በየሳምንቱ በእጅ እየተቃና በጄሶ ይታሰራል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ገደማ ጄሶ በኋላ በአብዛኞቹ ልጆች የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቃል፣ ከዚያም ልጁ ሁለት ጫማዎች በአንድ ብረት ላይ የተያያዙበትን ማቀፊያ ይጫማል። የሕፃን ጅማትና አጥንት ገና ለስላሳ ስለሆነ ሕክምናው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ይቀላል፤ በአዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልን ጨምሮ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክሊኒኮችም ይሰጣል። ሲያድግ ይቃናል ተብሎ የተተወ እግር ግን በራሱ አይቃናም፤ ልጁ በእግሩ ጠርዝ መርገጥ ይለምዳል፣ አጥንቱ በዚያው ቅርጽ ይጠነክራል፣ በሳምንታት ጄሶ ሊቃና የነበረው ነገር ቆይቶ ቢታከምም እጅግ ከባድ ይሆናል።

ይኸው ሕክምና የሁለተኛውን፣ ልጁን ማዕከል አስገብቶ ቀሪውን ለባለሙያ የመተውን አመለካከት ስሕተትም አብሮ ያጋልጣል። ጄሶውን የሚያስረው ባለሙያ ነው፤ ማቀፊያው ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ለ23 ሰዓት ያህል፣ ከዚያም ልጁ አራትና አምስት ዓመት እስኪሆነው በእንቅልፍ ሰዓት መደረግ ያለበት በመሆኑ፣ ጫማውን በየምሽቱ የሚያጠብቁት እናት፣ አባት ወይም አያት ናቸው። የተቃና እግር ተመልሶ እንዲጣመም ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ማቀፊያውን ማቋረጥ መሆኑ በዘርፉ የታወቀ ነው። በሆስፒታል የተገኘውን ውጤት የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ቤት ነው ማለት ነው፤ ይህም ለእግር ብቻ የተወሰነ እውነት አይደለም።

የሕፃናት ቴራፒ የሚባለው ሦስት ዋና ዋና ዘርፎች አሉት። ፊዚዮቴራፒ በመቀመጥ፣ በመቆም፣ በመራመድና በሰውነት ሚዛን ላይ ያተኩራል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ልጁ እንዲበላ፣ እንዲለብስ፣ እንዲጫወትና በእጁ እንዲሠራ የሚያግዝ የዕለት ተዕለት ክንውን ሕክምና ነው፤ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ደግሞ መናገርን ብቻ ሳይሆን መረዳትን፣ በምልክትም ሆነ በሥዕል መግባባትን፣ ማላመጥንና መዋጥንም ይመለከታል። ልጁን እነዚህን ወደሚሰጥ ማዕከል የሚወስዱ ወላጆች ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያገኛሉ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነቃ ሕፃን በሳምንት ሰማንያ አራት ሰዓት ነቅቶ ይውላል፤ ሰማንያ ሁለቱ ከማዕከሉ ውጭ የሚያልፉ ናቸው። በሁለቱ ሰዓታት እንዲጠይቅ የሚበረታታ፣ በሰማንያ ሁለቱ ግን ሳይጠይቅ ሁሉ የሚቀርብለት ልጅ የሚማረው ከሚበዛው ነው። ወላጅ ከበር ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ቆይቶ «ዛሬ ጥሩ ሠርቷል» ተብሎ ልጁን ተቀብሎ የሚሄድበት አሠራር፣ የማዕከሉ ስም ምንም ያህል ቢገን፣ ግማሽ ሕክምና ነው። ብቁ ቴራፒስት የሚለካው ልጁን በራሱ እጅ ባሠራው ብቻ ሳይሆን ወላጁን ባስተማረው ጭምር ነው።

ለወላጅ ይህን ያህል ቦታ መስጠት ሲነሣ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ታሪክ አለ። ሊዮ ካነር ኦቲዝምን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ከገለጸ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ባለሙያዎች ሁኔታውን የእናት ፍቅር ማጣት ያመጣው አድርገው ያዩ ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አመለካከት አስፋፋ። እርሱ ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርናርድ ሪምላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ሁኔታው ከአእምሮ ሥነ ሕይወታዊ አሠራር የሚነሣ መሆኑን በመከራከር የእናቶችን ስም ማጽዳት ጀምሮ ነበር። በኢትዮጵያም ክሱ ሌላ ልብስ ለብሶ ኖሯል፤ የልጁ ሁኔታ የእርግማን፣ የኃጢአት ወይም የዓይነ ጥላ ውጤት ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙ እናቶች ልጃቸውን ከጎረቤት ዓይን ሸሽገው ኖረዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የሰበሩት ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን ዝምታ ነበር። የችግሩ መንሥኤ ወላጅ ነው ማለትና የመፍትሔው አካል ወላጅ ነው ማለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሐሰትና ጭካኔ ሲሆን ሁለተኛው በማስረጃ የተደገፈ ነው።

ከማስረጃዎቹ አንዱ ከጃማይካ የተገኘ ነው። ሳሊ ግራንታም ማክግሪጎርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናትን መርጠው ከፊሎቹ ለሁለት ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው እንዲጎበኙ አደረጉ። ጎብኚዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች ነበሩ። መጫወቻዎቹም ከተጣለ ዕቃ በእጅ የተሠሩ ሲሆኑ የጉብኝቱ ዋና ዓላማ ከልጁ ይልቅ እናቲቱን ማሠልጠን ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 በሳይንስ መጽሔት የወጣው ክትትል እንዳመለከተው የተጎበኙት ልጆች አድገው የሚያገኙት ገቢ ካልተጎበኙት አቻዎቻቸው በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆነ የዕድገት መዘግየት ወይም እክል ላለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ነው። ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ይህ ሥልጠና በዘርፉ ልዩ ባለሙያ ባልሆኑ ሰዎች ሊሰጥ እንዲችል ታስቦ የተቀረጸ ሲሆን፣ ቀድመው አስማምተው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የመጨረሻ ምርመራ እስኪገኝ መጠበቅንም አይጠይቅም፤ ልጁ ምን ተብሎ እንደሚሰየም ሳይታወቅ ወላጅ አብሮት መጫወትን፣ መግባባትንና አስቸጋሪ ባሕርይን መያዝን ሊማር ይችላል።

በቤት የሚሠራው ሥራ ምን እንደሚመስል ሲገለጽ ብዙዎች የሚጠብቁት የልምምድ ሰሌዳና የተገዛ መጫወቻ ነው። ጥበቡ ግን ያለውን ኑሮ በመጠቀም ላይ ነው። ልጅን ዕቃ እንደሚጠቀልል ሰው ተጣድፎ ማልበስ ይቻላል፤ እጅጌውን ከፍቶ ይዞ «እጅህን አምጣ» ብሎ መጠበቅም ይቻላል፤ ሁለተኛው ጥቂት ሰከንድ የሚጨምር የፊዚዮቴራፒ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒና የንግግር ሕክምና ክፍለ ጊዜ ነው። የንግግር ባለሙያዎች አጥብቀው የሚመክሩት ነገር ልጁ የሚያየውን ተከትሎ ስሙን መጥራት፣ ከዚያም ዝም ብሎ ለመልስ ጊዜ መስጠት ነው። በኢትዮጵያ ቤቶች በጣም የተለመደው «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» የሚል የጥያቄ ጋጋታ ቃል የሌለውን ልጅ በፈተና ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ቃል አይሰጠውም። በአንጻሩ ኩኩሉ ሲባል «አልነጋም» ብሎ መመለስ፣ እሹሩሩ እየተባለ በመሃል ማቋረጥና ልጁ በድምፅም በእጅም እንዲቀጥል እስኪጠይቅ መጠበቅ፣ ተረት ተረት ሲባል «የላም በረት» ማስባል፣ ሁሉም የንግግር መሠረት የሆነውን መቀባበል ያስተምራሉ። አያቶች «ጠብቁ» ሲሉ የሚሳሳቱትን ያህል እነዚህን ጨዋታዎች በማወቃቸው ደግሞ ከብዙ ማዕከል ይበልጣሉ፤ ጨዋታዎቹ ግን የልጁን ጥሞና በያዙ ስልኮች ተተክተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜን የማይመክር ሲሆን፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ እንደሚመረጥ ይናገራል።

እጅም እንዲሁ ነው። ሊጥ ማድቦልቦል፣ የእንጀራ ቁራሽ በጣት ቆርሶ ወጥ ማጥቀስ፣ ወደ አፉ እንዳይከት እየተጠበቀ ጥራጥሬ መልቀም፣ ኋላ እርሳስ ለሚይዙት ጣቶች ልምምድ ናቸው። በተቃራኒው በገበያ የሚሸጠው ባለ ጎማ መራመጃ፣ ወይም በተለምዶ ወከር የሚባለው፣ ልጅን ቶሎ ያስኬዳል ተብሎ ቢገዛም ልጁ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚያስገድደውን ሥራ ስለሚቀንስበት መራመድን አያፋጥንም፤ ካናዳ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ደግሞ በቤት የሚደረገው ነገር የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሕፃንን በጀርባው አጋድሞ ማጋት አደገኛ ልማድ ነው፤ መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ በዚህ ሁኔታ ሲጋት ፈሳሹ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፣ ትንታ ይደጋገመዋል፣ ውሎ አድሮም የሳንባ ምች ይይዘዋል። ቀና ብሎ፣ ራሱ ወደ ፊት ትንሽ አዘንብሎ፣ ተደግፎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ መመገብ ያለበት መሆኑን ለእናት ማሳየት ከብዙ መድኃኒት ይልቃል። የሚገትር እግር ያለውን ልጅ እግሮቹን አንፈርክኮ ማዘልም፣ በአልጋ ተጋድሞ ከመዋል ጋር ሲነጻጸር፣ ለዳሌው የሚጠቅም፣ ዙሪያውንም እንዲያይ የሚያስችል የቆየ ጥበብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከታዘለ ግን የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ያጣል።

ሌላው በስፋት የሚሰጥ የተሳሳተ ምክር የቋንቋ ነው። የዘገየ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች፣ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ፣ ሁለት ቋንቋ ግራ ያጋባዋል ተብለው አማርኛውን ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያናግሩት ይመከራሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን እንደማያመጣ፣ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆችም ሁለት ቋንቋ ሊይዙ እንደሚችሉ ጥናቶች ያሳያሉ። ወላጅ በማይቀናው ቋንቋ ሲናገር ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ተረቱና ቀልዱ ይቀራል፣ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ያጣል። በአሜሪካ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የዕድገት ድጋፍ የሚሰጥበት ሕግ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ልጁ በሚኖርበት በቤቱ አካባቢ እንዲሰጥ ያዛል፤ የሚኖርበት ቤት አማርኛ የሚነገርበት ከሆነ ድጋፉም ከዚያ ጋር መስማማት አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ሊነሣ የሚችለው ከባዱ ተቃውሞ ከመጠበቅ ወገን የሚመጣ አይደለም። ሥራውን ወደ ቤት መመለስ ማለት ውሃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ከቤት ውጭም የምትሠራ እናት ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው፤ መንግሥትም ቴራፒስት ላለማሠልጠን ሰበብ ያገኝበታል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። የተማሩ የንግግርና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች በአገሪቱ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ወላጅን ያላሠለጠነ፣ ያልጎበኘና ያላገዘ ሥርዓት «ቤት ውስጥ ሥሩ» ቢል ማላገጥ ይሆናል። ነገር ግን የባለሙያ እጥረቱ ራሱ የመጠበቅን አመለካከት ይበልጥ ያከስረዋል፤ ባለሙያ ጥቂት ሲሆን ጊዜው በጨዋታ ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ከሚያልቅ ይልቅ አሥር ቤተሰቦችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በማስተማር ላይ ቢውል ይሻላል። ሸክሙንም በተመለከተ፣ እናት ከምታደርገው ሌላ አዲስ ሥራ እንድትጨምር ሳይሆን የምታደርገውን በተለየ መንገድ እንድታደርግ ነው የሚፈለገው፤ አባት ደግሞ ልጅን የሚያቅፈው ለፎቶግራፍ ብቻ በሆነበት ቤት ውስጥ የሸክሙን ጥያቄ ለቴራፒ ማቅረብ አድራሻውን መሳት ነው።

በመጠበቅ ተቃራኒ በኩል ደግሞ፣ የአንጎል ዕድገት የሚያልቀው በሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል የሚለው በአንዳንድ ቅስቀሳዎች የሚሰማ መፈክርም መታረም አለበት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል በልምድ የመቀረጽ አቅሙ ከፍ ያለበት ጊዜ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሆኖም የስድስት ዓመት ልጅ ያላትን እናት ዘገየሽ ብሎ ተስፋ ማስቆረጥ ቀድሞ «ቆዪ» ብሎ ካዘገያት ሰው ስሕተት የሚለይ አይደለም። ዘግይቶ መጀመር ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ጨርሶ ካለመጀመር ግን ያነሰ ነው።

የሚያስፈልገው ለውጥ አዲስ ተቋም እስኪቋቋም የሚቆይ አይደለም። የኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ሕፃናትን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው፣ ለኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወራቸው ወደ ጤና ተቋም ያመጣል። እናቲቱ ልጁን ታቅፋ የምትቀመጥባቸው እነዚህ ቀናት ሕፃኑ ፊት እያየ ይስቃል ወይ፣ ተቀምጧል ወይ፣ ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ፣ ይጠቁማል ወይ፣ ለመራመድ ይሞክራል ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የሚበቁ ናቸው። የ15ኛው ወር ክትባት በተለይ የመራመጃው ዕድሜ ወሰን ከመድረሱ ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ የሚውል በመሆኑ ለዚሁ የተመቸ ነው። ወላጅ ስጋቱን ሲናገር ባለሙያው «ይደርሳል» ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል፦ የልጁን ጆሮ ማየትና መስማቱን ማስመርመር፣ በዚያው ሳምንት በቤት የሚጀመር አንድ ነገር በተግባር ማሳየት፣ ከዚያም የሚመለሱበትን ቀን በካርዱ ላይ መጻፍ። በቀጠሮው ዕለት ለውጥ ካልታየ ልጁ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይላካል፤ በቤት የተጀመረው ነገር ግን እስኪደርሱለት ድረስ አይቋረጥም።